ሰው ያለበት ቤት

ባለፈው ማክሰኞ አባቴ ሥራ ቦታዬ ደወለና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ያ የዓሣ ገንዳ መቆጣጠሪያ ማሽን ዋጋውን ያወጣል ትያለሽ?» አለኝ። አዲሱ ዓይነት የውሃውን ሙቀት እንደሚለካ፣ መብራቱን በሰዓቱ እንደሚያበራና እንደሚያጠፋ፣ ውሃ ሲጎድል እንደሚሞላ፣ ምግብም እንደሚበትን አስረዳኝ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ባልዲ ማንሳት አቅቶታል። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እቤት ሰው የለም» አለ።

እቤት ሰው የለም። ይህችን ስሰማ ደሜ ፈላ። «ግዛው» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁበት። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ብላ ደነገጠች። ማንም አልሞተም አልኳት። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ሃያ ሦስት ዓሦች ሞተውብኝ ነው ብላት ኖሮ ለይቶላታል ብላ አለቃችንን ትጠራ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የኔ ቁጣ የመጣው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። መቆጣት በነበረብኝ ጊዜማ እየሳቅሁ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ በረንዳ ባለችው ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ሰው ቤት ሶፋ የሚዞረው ወደ ቴሌቪዥን ነው፤ የኛ ሶፋ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ዓሣ ገንዳው ነበር። ገንዳው አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል። ውስጡ ሃያ አራት ዓሦች ነበሩ። ከሁሉም ትልቁ፣ ክንፉ ዳር ላይ የተቀደደው፣ ብርማው ዓሣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የነበረ ስለሆነ «ሽማግሌው» እንለው ነበር። አባቴ መስታወቱን በጣቱ ሲነካ ሽማግሌው ከየትም ይሁን ከየት መጥቶ አፉን ያስጠጋለት ነበር። እኔ ስነካው ግን ዞር ብሎም አያየኝ።

አባቴ የኢንሹራንስ ገማች ነበር። የተጋጨ መኪና ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ይዞርና ቆርቆሮውን በብዕሩ ጫፍ ኳ ኳ አድርጎ «ይህቺ ይህን ታህል ታወጣለች» ይላል። ባለመኪናው ቢለምንም ቢራገምም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። አመሉ እቤት ድረስ ይከተለው ነበር፤ የጎረቤት አዲስ ጫማ፣ ለእናቴ የመጣ ስጦታ፣ የኔ የፈተና ወረቀት ሳይቀር ይገመታል። እኔ በዚህ አመሉ እኮራበት ነበር። የሁሉን ነገር ዋጋ የሚያውቅ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

እንግዳ ሲመጣ ስለ ዓሦቹ የሚተርከው አባቴ ነው። የትኛው ከየት ወንዝ እንደመጣ፣ የትኛው ከየትኛው እንደማይስማማ ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። እናቴ በዚህ መሀል በረንዳ ላይ ናት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ዓሣ ይገድላል፤ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ክሎሪኑ ካልወጣለት ገንዳ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ስምንት ባልዲዎች በተራ ተደርድረው ነበር። አንዱ ወደ ገንዳው ሲገለበጥ ይሞላና የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እናቴ ከገንዳው ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ትቀዳና ክሎሪን ካለ ቀለሙን የሚቀይር መድኃኒት ጠብ ጠብ ታደርግበታለች፤ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ ቀለሙን ከቀለም ካርድ ጋር ታስተያይና ካሬ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ይህን ስትሠራ ፊቷ ኮስተር ያለ ነበር። ሳቅ ብላ አይቻት አላውቅም። በዚህ ምክንያት እናቴ ዓሣ እንደማትወድ፣ አባቴ ግን እንደሚወድ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጅ ሥራን ከኩርፊያ አይለይም።

ደብተሮቹ ዛሬ እኔ ጋ ናቸው። ሰባት ናቸው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በቀር አንድም ቀን አልተዘለለም፤ እኔ በተወለድኩበት ቀን እንኳ የጠዋቱ ሙቀት ተጽፏል፣ ሃያ ስድስት ይላል። የአባቴ እጅ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ማሽኑን ያመጣው የዓሣ ሱቁ ባለቤት ነበር። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ብዕር እንደሚሰካ ሰው ሁልጊዜ ቴርሞሜትር ስለሚሰካ ሰፈሩ ሁሉ «ቴርሞሜትር» ይለዋል፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግራጫ ሳጥን በደረቱ አቅፎ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ እያለከለከ ገባ። እናቴ የምትወጣበትን ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ ጠበቀችው። ለሳጥን ብላ ለበሰች ብዬ ታዘብኳት። ኪሷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ በየደቂቃው ከውጭ በእጇ ትዳብሰው ነበር።

ቴርሞሜትር ሳጥኑን ሰካው። ሁለት ዘንጎች ወደ ውሃው ገቡ፣ ፊቱ ላይ ቀይ ቁጥሮች በሩ። «ይኸው፣ ሙቀቱ ሃያ ስድስት» አለ። እናቴ ወዲያው ደብተሯን ገልጣ አሳየችው፤ የዚያን ጠዋት ቁጥር ሃያ ስድስት ነው። ቴርሞሜትር ሳቀና «እትዬ፣ ማሽኑን እርስዎ ነዎት የፈተኑት እንጂ እሱ እርስዎን አልፈተነም» አላት። ያኔ ሳቀች። እናቴ ጥርሷ ላይ ትንሽ ክፍተት እንዳለ ያን ቀን ነው ያየሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቴ ከሶፋው ተነሣና ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። ጎኑን በብዕሩ ኳ ኳ አደረገው።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ጋሼ፣ መብራት ከጠፋማ እትዬም ቢሆኑ ገብተው አይተነፍሱላቸውም!»

«ዘንጉ ከውሃው ቢወጣስ?»

ቴርሞሜትር ነጋዴ ቢሆንም ውሸት አያውቅበትም። ጭንቅላቱን አከከና «እሱ እውነት ነው» አለ። «ገንዳውን ስታጥቡ ውሃው ጎድሎ ዘንጉ አየር ላይ ከቀረ፣ ማሽኑ ውሃው የቀዘቀዘ ስለሚመስለው ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ያነደዋል። ስለዚህ ውሃ ከመቀነስ በፊት ሶኬቱን መንቀል ነው።»

«በቃ!» አለ አባቴ እጁን አጨብጭቦ። «ዓሣ ቀቅሎ የሚያቀርብ ማሽን አመጣህልን!»

እኔ ሳቅሁ። እናቴ ግን «በሳምንት አንድ ቀን ነው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሶኬት መንቀል ያቅትሃል?»

ከዚያ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣችው። ትልልቆች ልጅ ፊት ሲነጋገሩ እንደሚያደርጉት ነገሩን በቁርጥራጭ ነበር የሚያወሩት፤ እኔ የሰማሁት «ስድስት ሳምንት»፣ «ሌላ ከተማ»፣ «ላቦራቶሪ»፣ «ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች» የሚሉትን ነው። ዛሬ የጎደለውን መሙላት እችላለሁ። የቴርሞሜትር ዋርሳ የከተማው ውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቴርሞሜትር ከእናቴ ደብተሮች አንዱን ተውሶ አሳየው። ሰውየው ገጾቹን አገላብጦ «ይህችን ሴትዮ የት ደበቃችኋት?» አለ። ስድስት ሳምንት ሌላ ከተማ ሠልጥና ስትመለስ እዚሁ ሥራ ትይዛለች። እናቴ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ለሠላሳ አምስት የቀራት አምስት ወር ነው። ማሽኑን የፈለገችው ለዚህ ነበር።

ያኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ በራሷ ፋንታ ሳጥን ተክላልን ልትሄድ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት።

«እኔን ገምት ብትሉኝ» አለ አባቴ ወደ ሶፋው ተመልሶ እግሩን አነባብሮ፣ «ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሰው ያለበት ቤት ማሽን ምን ይሠራል?»

«ሰው የምትለው ማንን ነው?» አለች እናቴ።

ቴርሞሜትር ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አባቴ ወደኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «እስቲ የቤቱን ዳኛ እንጠይቅ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

መልሱን አውቀው ነበር። በዚያው ጠዋት ከረሜላ ሊገዛልኝ ስንወርድ ደረጃው ላይ «ማሽን መውደድ ያውቃል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ተነሥቼ፣ እንደ ትምህርት ቤት ግጥም፣ «ማሽን ዓሣ አይወድም!» አልኩ። አባቴ ከሶፋው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «ተፈረደ!» አለ። ይህችን ቃሌን ለእንግዳ ሁሉ እየነገረ ዐሥር ዓመት ኖሯል፤ እኔም ሲነገርልኝ ዐሥር ዓመት ተቅለስልሻለሁ። ዛሬ ያን ከረሜላ ከሆዴ አውጥቼ ፊቱ ላይ ብተፋው ደስ ይለኛል።

ቴርሞሜትር ሳጥኑን ነቅሎ ዘንጎቹን አደረቀ። በሩ ላይ እናቴን ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ እትዬ» አላት። እሷም «አንተ ምን አደረግህ» ብላ ዘጋችው፤ ከዚያ በሩን እንደያዘች፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ «ማሽን ገዛህም አልገዛህም እሄዳለሁ» አለች።

እናም ሄደች። ከመሄዷ በፊት ባለው ምሽት ሁለታችንንም በረንዳው ላይ አቁማ አስተማረችን። ባልዲዎቹ ላይ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ለጥፋለች። ሥራው ሁሉ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ገንዳው አጠገብ ተለጥፏል። «ሌላው ቢረሳ ግድ የለም» አለች። «ምግብ ቢረሳ ይርባቸዋል እንጂ አይሞቱም። ሁለት ቀን ያልተቀመጠ ውሃ ብቻ እንዳይገባ። ዋናው እሱ ነው።»

«እኔን ነው እንዴ ስለ ውሃ የምታስተምሪኝ?» አለ አባቴ። «አንቺን ማን አስተማረሽና!»

እውነቱን ነው፤ ባልዲ ማስቀመጡን ለእናቴ ያሳያት እሱ ነው። በዚያች ቃል ራሱ ላይ መመስከሩን ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ግንባሬን ስማኝ አውቶቡስ ተሳፈረች። አኩርፌ ስለነበር አልሳምኳትም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ያለው ሳምንት መልካም ነበር። አባቴ ምግብ የመበተኑን ሥራ ለኔ ሰጠኝ፤ ወንበር ላይ ቆሜ ስበትን ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እጄ መጣ። ማታ እናቴ ደውላ «ሙቀቱ ስንት ነው?» ስትል «ሃያ ስድስት!» ብዬ እመልስ ነበር። «ጎበዝ» ትላለች። ከበስተጀርባዋ የሌሎች ሴቶች ሳቅ ይሰማኛል፤ እሷም ያለኛ የምትስቅ መስሎኝ ተናደድኩባት።

እሑድ የሆነውን ልናገር። ከልጅነቴ ቀኖች ሁሉ እጅግ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነበር፤ ለዚህም ነው ዛሬ ሳስበው አንጀቴ የሚያርረው።

አባቴ ጠዋት ቀድሞኝ ተነሥቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ «ዛሬ መኪናችንን እናጥባለን» አለኝ። «እናትሽ ስምንት ባልዲ ሙሉ ውሃ ትታልን ሄዳለች፤ ምን ይሠራል ተቀምጦ?» ባልዲዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ሦስት ፎቅ አወረዳቸው። እኔ ስፖንጁን ተሸክሜ እከተላለሁ። ጎማውን እኔ፣ ጣሪያውን እሱ አጠብን። አረፋውን አፍንጫዬ ላይ ቀባኝ። በመጨረሻ ስምንተኛውን ባልዲ ኮፈኑ ላይ ሲደፋው ውሃው ተበትኖ ሁለታችንንም አራሰን፣ እኔም ጮህኩ። ጎረቤቶች ከመስኮት ሆነው ሳቁ። አባት ይሉሃል እንዲህ ነው ያሉ ይመስለኛል።

መኪናው ከቆመበት አምስት እርምጃ ርቆ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ነበረ፤ ጎማ ተሰክቶበት፣ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሁልጊዜ መኪናውን የሚያጥበው በሱ ነበር። ስምንት ባልዲ ውሃ ከሦስተኛ ፎቅ ማውረድ ለምን አስፈለገው ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከምሳ በኋላ «አሁን ደግሞ የገንዳው ተራ ነው» አለ። ወረቀቱ ላይ ለእሑድ «ሩብ ውሃ ይቀየር» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ አንድ ሳፋ አምጥቶ ከገንዳው ውሃ እስከ ግማሽ ቀዳበት። ከዚያ እጁን አስገብቶ፣ እያባበለ፣ ሽማግሌውን ያዘና ሳፋው ውስጥ አደረገው።

«ለምን አወጣኸው?»

«ዛሬ የኛ እንግዳ ይሁን» አለ። ሳፋውን ወስዶ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠው። እኔም ሽማግሌው እንግዳ በመሆኑ ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁት።

ሲመለስ የገንዳውን ውሃ የሚያወጣውን ቱቦ ለቀቀው። ሩቡ አለፈ፣ ግማሹ አለፈ። ዓሦቹ ወርደው ወርደው ታች ድንጋዮቹ ላይ ተከማቹ። «በቃ ሙዪው» አለኝ።

«ባልዲዎቹ ባዶ ናቸው እኮ አባዬ።»

«ከቧንቧው ቅጂ።»

«እማዬ ሁለት ቀን ይቀመጥ ብላለች እኮ።»

«እናትሽ እዚህ አለች?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። «ውሃ ውሃ ነው። ትልቅ ልጅ አይደለሽም?»

ትልቅ ልጅ ነኝ። የኩሽናውን ቧንቧ ከፈትኩ፤ ባልዲው በጣም ስለሚከብደኝ በማሰሮ እየቀዳሁ፣ እግሬን እያራስኩ፣ ተመላለስኩ። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንድም ማሰሮ አላገዘኝም። እስከ ሃያ ሁለት ማሰሮ ቆጥሬ ተውኩት።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፍፈው ነበር። አንዳንዱ አፉ ከፈት ብሎ ቀርቷል። አባቴ ሶፋው ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ያለቀሰ መሰለኝ፤ ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት። «እናትሽ ጥላቸው ባትሄድ ኖሮ» አለ ከእጁ ሥር፣ «ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር።» የአዞ እንባ የሚባለውን ያን ጠዋት አይቻለሁ፤ ስሙን የማውቀው ግን አልነበረም።

ራሱ ወደ ማሠልጠኛው ደወለ። ወደ ክፍሏ ሰው ልከው እስኪጠሯት ጠበቀና ድምፅዋን ሲሰማ የስልኩን እጀታ ለኔ ሰጠኝ። «ንገሪያት» አለኝ።

«ዓሦቹን ገደልሻቸው!» ብዬ ጮህኩባት። «ሁሉም ሞቱ! አንቺ ነሽ!»

«ባልዲዎቹስ?» አለች።

«ምን?»

«የኔ ልጅ፣ ስምንቱ ባልዲዎች የት አሉ?»

«መኪና አጠብንባቸው» አልኳት፤ በዚያም ልትቀና ይገባል ብዬ «በጣም ደስ ብሎን ነበር» ስል ጨመርኩበት።

«ዛሬ እመጣለሁ» አለች።

አውቶቡሱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሊመሽ ሲል ደረሰች። ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ ጣለችው። ገንዳው ባዶ ነበር፤ ዓሦቹን አባቴ በፌስታል አድርጎ አውጥቷቸዋል። እሷ ወደ ገንዳው አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር። አስተያየቷን ፈርቼ ነው መሰለኝ የምሥራቹን ልንገራት ብዬ እጇን ያዝኩ። «ሽማግሌው ግን ተርፏል! ነይ ላሳይሽ!» እያልኩ ወደ መታጠቢያ ቤት ጎተትኳት።

ሽማግሌው ሳፋው ውስጥ ዞር ዞር ይል ነበር። እናቴ አየችው። ከዚያ ኮቷን ሳታወልቅ ብልቃጧን አምጥታ ከሳፋው ውሃ ቀዳች፣ መድኃኒቱን ጠብ አደረገችበት፣ ወደ አምፖሉ አንስታ አየችው። ካርዱም አላስፈለጋትም።

«ይሄ መቼ ወጣ?» አለችኝ።

«ትናንት፣ ውሃውን ሳንቀንስ በፊት። አባዬ ነው በእጁ ያወጣው።»

«ቧንቧውንስ ማን ከፈተው?»

«እኔ!» አልኩ በኩራት። «ብቻዬን ነው የሞላሁት፤ በማሰሮ። ሁለት ቀን ይቀመጥ ብላለች ብዬው ነበር፤ አባዬ ግን ውሃ ውሃ ነው አለኝ።»

እናቴ የገላ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እጆቼን ወስዳ፣ ቧንቧ ከፍታ፣ በሳሙና አጠበችኝ። እስከ ክርኔ ድረስ፣ በጣቶቼ መሀል፣ ደግማ ደጋግማ። የሞተ ዓሣ የነካሁ መስሏት ተጠይፋኝ ነው ብዬ አኮረፍኩ። «እኔ አልነካኋቸውም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ ማጠቧን ግን አላቆመችም።

ከዚያ እኔን እዚያው ትታኝ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ።

«አስቀድመህ አወጣኸው» አለች።

«የቱን?» አለ አባቴ።

«ሽማግሌውን። የሚሞተውንና የሚተርፈውን አስቀድመህ ለየህ።»

«ዕድሉ ነው። ያመመው መስሎኝ...»

«በልጄ እጅ» አለች እናቴ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ አልሰማሁም። «በልጄ እጅ!»

እኔ ስለ ዓሣ የሚጣሉ መስሎኝ ለሽማግሌው «አይዞህ» አልኩት።

በማግስቱ ወደ ሥልጠናው አልተመለሰችም። በሳምንቱም አልተመለሰች። አምስቱ ወር አለፈና ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላት። አባቴ በዚያው ቅዳሜ ከቴርሞሜትር ሱቅ ዐሥራ አምስት አዳዲስ ዓሦች ገዝቶ መጣ፤ እኔ ሳሎኑ መሀል ጨፈርኩ። ቴርሞሜትር ፌስታሎቹን ሲያስረክብ እናቴን ቀና ብሎ አላያትም ነበር። ባልዲዎቹ በተራቸው ተደረደሩ፣ ደብተሩ ቀጠለ። እኔም እናቴ ጥፋቷን አውቃ ስለ ዓሦቹ ስትል ቀረች ብዬ አመንኩ፤ ለዓመታት ስትቆጣኝ «አንቺ ዓሣ ገዳይ» እላት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። አንድም ቀን አልመለሰችልኝም። ይህ ዝምታዋ ያናድደኛል፤ በሱ ላይ ያለኝን ቁጣ ያህል ባይሆንም በሷም ላይ ቁጣ አለኝ። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ምን ነበረበት እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ «አባትሽ በእጅሽ ነው የገደላቸው» ተብሎ እንዴት ይነገራል እላለሁ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሥራ አግኝቼ ከቤት ወጣሁ። እናቴ በዚያው ሳምንት አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። አባቴ ሰው በጠየቀው ቁጥር «በስተርጅና ምን ነካት?» ይላል፤ ከልቡ የገረመው ይመስላል። ላቦራቶሪው በአርባ አራት ዓመቷ መርማሪ አድርጎ አልተቀበላትም፤ ጠርሙስ አጣቢ አደረጋት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ልጆቿ የሚሆኑ ሴቶች የሚሞሉትን ጠርሙስ ስታጥብ ኖረች። አንዳንዴ የቀለሙን ንባብ ሲሳሳቱ በትከሻቸው ላይ አይታ «እስቲ ደግመሽ እይው» ትላቸው እንደነበር አንዷ ነግራኛለች። «ደግመን ስናየው ሁልጊዜ እሷ ናት ልክ» አለችኝ።

የሳፋውን ነገር አገጣጥሜ የተረዳሁት ዘግይቶ ነው። ሰባቱን ደብተሮች ስትሰጠኝ የዚያን ሳምንት ገጽ ገለጥኩ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ «ከሳፋው፣ አሮጌ ውሃ፣ ክሎሪን የለም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ምንም የለም። ገጹን ይዤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩና ወደ እሷ ሄድኩ። የምትኖርባቸው ሁለት ክፍሎች ንጹሕ ናቸው። ዓሣ የለም፤ አበባ እንኳ የለም፤ ውሃ የሚጠጣ ነገር አልፈልግም ትላለች።

«በቃ ገብቶኛል» አልኳት። «ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ዓሦቹ እንደሆነ አልቀው ነበር። የሚጠብቅሽ ነገር አልነበረም። ለምን ተመልሰሽ አልሄድሽም?»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለች። «ተዪው።»

«አልተወውም።»

ያጠበችውን ብርጭቆ አደረቀችና መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ፤ እንደዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ እንዳየችኝ።

«ዓሦቹማ አልቀዋል» አለች። «ደግሜ ብሄድ የሚያጠፋብኝ ምን ቀርቶት ነበር? አንቺ ነሽ እኮ።»